ስንት ለስንት እንደሆነም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው የስፖርት ገጽ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጠረጴዛ ቴኒስ እጫወታለሁ፤ የምጫወተው ዊልቸር ላይ ተቀምጬ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ስለ እኛ ስትጽፉ ውጤቱንም ጻፉልን። ከማን ጋር እንደተጫወትን፣ ማን እንዳሸነፈ፣ ስንት ለስንት እንዳለቀ። ብትጽፉት ሁለት መስመር አይሞላም። ለኔ ግን ትልቅ ነገር ነው። ለምን ትልቅ እንደሆነብኝ እንዲገባችሁ ትንሽ ከኋላ ልጀምር።

የተወለድኩት ጣና ዳር፣ ዘጌ አካባቢ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ፖሊዮ ያዘኝ፤ ሁለቱም እግሮቼ ከዚያ በኋላ አልታዘዙኝም። አባቴ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ታንኳው ላይ ከፊቱ ያስቀምጠኝና ቀርከሃውን ይሰጠኛል። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ ውኃውን ወደ ኋላ እገፋለሁ። መንደራችን ውስጥ ከእኩዮቼ ጋር እኩል የምሆነው እዚያ ብቻ ነበር። ታንኳ እግር አይጠይቅም። ትከሻና የእጅ አንጓ ካለ ይሄዳል። በኋላ ሰው ሁሉ «ይሄን ክንድ ከየት አመጣሽው?» ሲለኝ መልሴ ይኸው ነው፤ ከደንገል ታንኳ ነው ያመጣሁት።

ለትምህርት ብዬ ባሕር ዳር አክስቴ ዘንድ መጣሁ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ስፌት ተማርኩ። አክስቴ በእጅ የሚዞር የድሮ ሲንጀር ነበራት። ቀኝ እጄ ያዞራል፣ ግራ እጄ ጨርቁን ይመራል። ዛሬም የምሠራው በእሱ ነው።

ወደ ጨዋታው የገባሁትም በስፌት ነው። በ2001 ዓ.ም. ክረምት አንድ የስፖርት መምህር የተቀደደ መረብ ይዞ ሱቃችን መጣ። የጠረጴዛ ቴኒስ መረብ መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር። ታችኛው ጠርዝ ተበልቷል። ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ሰፍቼ ሰጠሁት። በማግስቱ ይዞት ተመለሰ። «እህቴ፣ አጠረ» አለኝ። ቁመቱ 15.25 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት አለ። በሜትሬ ለካሁት፤ 14 ሆኗል። ፈታሁት፣ ሌላ ጨርቅ ቀጠልኩበት፣ እንደገና ለካሁ። 15 ሆነ። ሩቧ ቀረችኝ። እንደገና ፈታሁት። መምህሩ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያየኛል። ስጨርስ «ለሩብ ሳንቲ ሜትር እንዲህ የምትጨነቂ ከሆነ ነይና ተጫወቺ» አለኝ። ጋሼ ነው የምንለው። እስከ ዛሬ አሰልጣኜ ነው።

አዳራሹ በር ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ልጆቹ ከነዊልቸሬ አንስተው አስገቡኝ። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ግን መጠጋት አልቻልኩም። እግሮቹን የሚያያይዘው ብረት ጉልበቴን መታኝ። በዊልቸር ለሚጫወት ሰው የጠረጴዛው እግሮች ከጠርዙ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለባቸው። የኛ ጠረጴዛ እንደዚያ አልነበረም። ጋሼ አንድ በያጅ ለምኖ ብረቱን አስቆርጦ ወደ ውስጥ አስበየደው። ጠረጴዛው ከዚያ በኋላ ትንሽ ይወዛወዝ ነበር፤ ከአንደኛው እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን እናደርጋለን። እኔ ግን ገባሁ።

የመጀመሪያውን ዓመት እንዳላሰለቻችሁ አልፈዋለሁ። ኳስ ስለቅም ነው ያለፈው ማለት ይቻላል። አዳራሹ ውስጥ ሌላም ጠላት ነበረን፤ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚመጣው ነፋስ። ኳሷ 2.7 ግራም ናት። መስኮት ከተከፈተ ወዳሰብሽበት አትሄድም። መስኮት ከተዘጋ ደግሞ በሚያዝያ ሙቀት እንቀቀላለን። ዘግተን እንጫወት ነበር።

ስለ ጨዋታችን አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ብትጽፉበት ስለምወድ ነው። በዊልቸር ጨዋታ ሰርቭ ያደረግሽው፣ ማለትም ነጥቡን ለማስጀመር የመታሽው ኳስ የተቀባይዋን ጠረጴዛ ነክቶ በጎን በኩል ከወጣ አይቆጠርም፣ ይደገማል። ወደ መረቡ ተመልሶ ከነጠረም ይደገማል። ሰርቭ ካለፈ በኋላ ግን ምሕረት የለም። ተጋጣሚሽ ከመረቡ ሥር አጭር ኳስ ትጥልብሻለች። የቆመ ሰው አንድ እርምጃ ገብቶ ይመታዋል። እኛ እርምጃ የለንም። ግራ እጄ የዊልቸሩን ጎማ ይጨብጣል፣ ደረቴ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይተኛል፣ ቀኝ ክንዴ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል፣ ኳሷ ሁለተኛ ሳትነጥር አንጓዬ ብቻ ይገለበጣል። ልክ ቀርከሃው ከውኃ ሲወጣ እንደሚገለበጠው። ይቺን ምት ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን ሳስበው እንኳ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጋዜጣው ጉዳይ ልምጣ።

በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለውድድር ሄድን። ለፍጻሜ ደረስኩ። ሁለት ለሁለት ሆነን አምስተኛውና የመጨረሻው ጌም ላይ 9 ለ 9 ገባን። ተጋጣሚዬ አጭር ኳስ ጣለችብኝ። ደረስኩባት። አንጓዬን ገልብጬ ወደ ግራዋ ላክሁት፤ አልነካችውም። ከመታሁ በኋላ ወደ ፊት ስለተደፋሁ ሚዛኔን ለመመለስ ግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። ዳኛው ነጥቡን ለሷ ሰጠ። «እጅሽ ጠረጴዛ ነክቷል» አለ። ለቆመ ተጫዋች እውነቱን ነው። በዊልቸር ላይ ላለ ሰው ግን ከምቱ በኋላ ሚዛን ለመመለስ በነፃ እጅ ጠረጴዛውን መንካት ይፈቀዳል፣ ጠረጴዛው እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ። ጋሼ ተነስቶ ሊያስረዳ ሞከረ። አልተሳካም። 10 ለ 9 ሆነ፣ ቀጥሎ 11 ለ 9 ተሸነፍኩ። ዳኛውን ክፉ ሰው ነው አልልም። የኛን ደንብ ያስተማረው ሰው አልነበረም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከሳምንት በኋላ አንድ ጋዜጣ ስለኔ ጻፈ። ፎቶዬ አለ፤ ከፊቴ ይልቅ የዊልቸሩ ጎማ ይበልጥ ይታያል። ርዕሱ አካል ጉዳት ያልበገራት የሚል ነው። ጽሑፉ ስለ እግሮቼ ያወራል፣ ስለ ፈገግታዬ ያወራል፣ ለብዙዎች ምሳሌ እንደሆንኩ ያወራል። ጋዜጠኛው ክፉ አስቦ አልጻፈውም፤ አመሰግነዋለሁም። ጋዜጣውን ለእናቴ ወደ ዘጌ ላክሁላት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የጎረቤት ልጅ አነበበላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችና ልጁን ጠየቀችው፤ «ታዲያ አሸነፈች?»

ልጁ እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበው። የለም። ማሸነፌም መሸነፌም የለም። ከማን ጋር እንደተጫወትኩም የለም። እናቴ በስልክ ደወለችልኝ። «ይሄን ሁሉ ሲጽፉ እንዴት ዋናውን ይረሱታል?» አለችኝ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አጥንቴ ድረስ የተሰማኝ። እኔ አምስት ጌም ተጫውቻለሁ። ለ9 ለ 9 ስድስት ዓመት ለፍቻለሁ። ጋዜጣው ላይ ያለችው ሴት ግን ምንም አልተጫወተችም። ተቀምጣ ፈገግ ብላለች።

ከዚያ በፊትም ደብተር ነበረኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን አጥብቄ ያዝኩት። ሲናርላይን ነው፣ አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ። ገጹን በማስመሪያ አምስት ቦታ እከፍለዋለሁ። ቀን፣ ቦታ፣ ተጋጣሚ፣ የእያንዳንዱ ጌም ውጤት፣ አስተያየት። በአስተያየቱ ቦታ «ነ» ካለ ነፋስ ነበር፤ «መ» ካለ መብራት ጠፍቶ ተቋርጧል፤ «ዳ» ካለ የዳኛ ስህተት አለ። «ጎ» ማለት የራኬቴ ጎማ ተላቆ ነበር ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ሊስትሮ ጋ ሄጄ በማስቲሽ አስለጥፌ ተመልሼ ገብቻለሁ። የአዲስ አበባው መስመር እንዲህ ይላል፦ 11–6፣ 9–11፣ 11–8፣ 7–11፣ 9–11፣ ዳ።

ደብተሩ ማስታወሻ ብቻ አይደለም፣ አስተማሪዬም ነው። በ2010 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን ወደ ኋላ አነበብነው። አምስተኛ ጌም ላይ የደረስኩባቸውን ጨዋታዎች ብቻ ለየን። አብዛኛውን ተሸንፌያለሁ። የተሸነፍኩትም በሁለት በሦስት ነጥብ ነው። አራተኛው ጌም ላይ ደግሞ ነጥቤ ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። ጋሼ «ክንድሽ ሳይሆን የደከመው ትከሻሽ ነው፣ ገና ከመጀመሪያው ጎማውን አጥብቀሽ ትጨብጫለሽ» አለኝ። እውነቱን ነበር። ግራ እጄን ማላላት ተለማመድኩ። ቀጣዩን ገጽ ስትገልጡ ቁጥሩ ተለውጧል። ያለ ቁጥር ይሄን ማን ያየው ነበር?

የሌላ አገር ተጫዋች ልጥቀስላችሁ። ፖላንዳዊቷ ናታሊያ ፓርቲካ ስትወለድ ቀኝ እጇ ከክርን በታች የለም። ሰርቭ ስታደርግ ኳሷን ክርኗ እጥፋት ላይ አስቀምጣ ወደ ላይ ትወረውራለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) ላይ ስትጫወት የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። በ2004 አቴንስ ላይ በነጠላ ወርቅ አገኘች። በ2008፣ በ2012 እና በ2016ም ደገመችው። ቤጂንግ ላይ በኦሊምፒኩም በፓራሊምፒኩም ተጫውታለች። በ2021 ቶኪዮ ላይ በግማሽ ፍጻሜ በአውስትራሊያዊቷ ያንግ ቺያን ተሸንፋ ነሐስ ወሰደች። እኔ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ይሄን ሁሉ እንዴት አወቅሁ? ተጽፏል። ያሸነፈችውም የተሸነፈችውም ተጽፏል። የአንድ ሰው የስፖርት ሕይወት ማለት እኮ ይሄ ነው። ከዚህ ላይ ቁጥሩን ብታወጡት የሚቀረው ክርኗ ብቻ ነው።

ግብጻዊውን ኢብራሂም ሐማድቱን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ10 ዓመቱ በባቡር አደጋ ሁለት እጆቹን አጥቷል። ራኬቱን በጥርሱ ይዞ፣ ኳሷን በእግሩ ጣቶች አንስቶ ይጫወታል። ሪዮና ቶኪዮ ፓራሊምፒክ ላይ ተጫውቷል። ደንበኞቼ የሱን ቪዲዮ በስልካቸው ያሳዩኛል። ቀሚስ ሊያስለኩ የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ «ይሄን አይተሻል?» ይሉኛል። አይቻለሁ፣ ደጋግሜ አይቻለሁ። የአንገቱን አዟዟር አጥንቻለሁ። ነገር ግን እስከ ዛሬ «ከማን ጋር ነው የሚጫወተው? ማን አሸነፈ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። እሱ ግን ለዓመታት በየቀኑ የሚለማመደው ለማሸነፍ ነው። ተጫዋች ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

በአገራችንም መንገዱ አለ። ትዕግስት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር ቶኪዮ ላይ ወርቅ ስታገኝ፣ ፓሪስ ላይ ስትደግመው፣ ያየሽ ጌቴም እዚያው ፓሪስ ላይ በ1,500 ሜትር ወርቅ ስታመጣ ርቀቱም ምድባቸውም ተጽፏል። ስለዚህ ሰው እንደ ሯጭ ያውቃቸዋል። የጠረጴዛ ቴኒስ ከመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 የሮም ውድድር ጀምሮ በፓራሊምፒክ ውስጥ ያለ ስፖርት ነው። አዲስ ነገር አይደለም። ምድቡም ግልጽ ነው፤ ከ1 እስከ 5 በዊልቸር፣ ከ6 እስከ 10 ቆመው ለሚጫወቱ፣ 11ኛው የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው። «አካል ጉዳተኞች ተወዳደሩ» ብሎ መጻፍ ግን «ሰዎች ሮጡ» እንደማለት ነው። 100 ሜትር ይሁን ማራቶን ማን ያውቃል?

«ይሄ ሁሉ ለአንዲት ቁጥር ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ቁጥሯ አለመጻፏ ጉዳት አድርሶብናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ልንለምን ሄድን። የተበየደው ጠረጴዛችን ጨርሶ ተበላሽቶ ነበር። ኃላፊው በጥሩ ሁኔታ አስተናገደን፤ ሻይ አስመጣልን። ከዚያ «ምን ውጤት አምጥታችኋል?» ብሎ ጠየቀ። ደብተሬን አወጣሁ። «ይሄ ያንቺ ጽሑፍ ነው፣ ማስረጃ አይሆንም» አለ። ያቺን የጋዜጣ ቁራጭ አወጣሁ። በላስቲክ ሸፍኜ ነው የማስቀምጣት። አነበባት። ሁለቴ አነበባት። ቀና ብሎ «እህቴ፣ እዚህ ላይ ውጤት የለም» አለኝ። ምን ልበለው? እናቴ ያለችውን ነው የደገመው። ጠረጴዛው በሌላ መንገድ ተገኘ፤ የኛው ልጆች አዋጥተው፣ ጋሼም ከኪሱ ጨምሮ። ግን ሁለት ዓመት ዘገየ። በነዚያ ሁለት ዓመታት አራት ልጆች ጨዋታውን ትተው ቀሩ። አንዷ ከኔ የተሻለ እጅ ነበራት።

በየዓመቱ ኅዳር 24፣ በአካል ጉዳተኞች ቀን፣ ትመጣላችሁ። እናመሰግናለን። ቲሸርት እንለብሳለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ሁለት ሦስት ኳስ ለካሜራ እንመታለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እውነተኛው ጨዋታ አለ። እዚያ ኑ። ካልተመቻችሁም መምጣት የለባችሁም። ውጤቱን እኔ በስልክ እነግራችኋለሁ፣ ወይም ጽፌ እልካለሁ። የእግር ኳስ የወረዳ ቡድን ውጤት የምታወጡባት ትንሽ ቦታ አለች አይደል? ከሷ ሥር አንድ መስመር ብትሰጡን ይበቃናል። ጉዳታችንን አትጻፉ አላልኩም። ምድቡን ለማወቅ መጻፍ አለበት። ብቻ ጉዳቱ ከተጻፈ ውጤቱም ይጻፍ። ከተሸነፍንም ተሸነፉ በሉ። ማዘን የለባችሁም። ሽንፈት የተጫወተ ሰው የሚያገኘው ነገር ነው።

ከአዲሶቹ ልጆች አንዷ 14 ዓመቷ ነው። አባይ ማዶ ነው የምትኖረው። ባጃጅ ዊልቸሯን ጣሪያው ላይ በገመድ አስሮ ያመጣታል። ስትመጣ ሰርቭ መረቡን አይሻገርላትም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱን ዘግተን፣ ከኔ ጋር ተጫወተች። አምስተኛው ጌም ላይ 9 ለ 9 ሆንን። ከመረቡ ሥር አጭር ኳስ ጣልኩባት። ግራ እጇ ጎማውን ጨበጠ፣ ደረቷ ጠረጴዛው ላይ ተኛ፣ አንጓዋ ተገለበጠ። አልነካሁትም። ሚዛኗን ለመመለስ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና ደንግጣ ወደ ጋሼ ዞረች። ዳኛችን ጋሼ ነበር። ለሷ ቆጠረላት።

11–7፣ 8–11፣ 11–9፣ 6–11፣ 9–11። የመጀመሪያው ቁጥር የኔ ነው። ያሸነፈችው እሷ ናት። ስሟን በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ እናቷም ፈቅደዋል። ቦታ ካላችሁ ስሟን ከነውጤቱ አውጡላት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከባሕር ዳር፣ ልብስ ሰፊና የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች